ላልቶ ሲነበብ የሚጠብቅ ቃል

ግርማ የበደለኝ ከኮቪድ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው ሐምሌ ነው። ዳላስ አጠገብ ማኪኒ ውስጥ፣ ገና ቀለም ባልተቀባ ሕንፃ ምድር ቤት፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ግርማ በቅርቡ ስለ ሞተ ነው። ሰው ሲሞት የሠራው በደል አብሮት እንዲቀበር ይፈለጋል። እኔ አልቀበርኩትም።

ለቅሶው ላይ ተቀምጬ የተወራውን ሁሉ ሰማሁ። ሌክ ሃይላንድስ ያለው አፓርትመንታቸው ሞልቶ ወንበር እስከ በረንዳው ወጥቷል። «ያንን ካምፓኒ ካምፓኒ ያደረገው ግርማ ነው» አለ አንዱ። «መሣሪያውን ሁሉ አንድ በአንድ የመረጠው እሱ ነው። ዛሬም ድረስ ይሠራል እኮ!» ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። ዝም ያልኩት ለቅሶ ቤት ስለ ነበርኩ እንጂ የምለው አጥቼ አይደለም።

ግርማ ሜስኪት ያለ የኤሌክትሪክ ተቋራጭ ዘንድ ፎርማን ነበር። እኔ እዚያው ቱል ሩም ውስጥ እሠራ ነበር። ቱል ሩም የምንለው ወንዶቹ ጠዋት መሣሪያ የሚወስዱበትን፣ ማታ የሚመልሱበትን ክፍል ነው። አንዲት መስኮት አለችው፤ ከመስኮቷ ወዲህ እኔ፣ ከመስኮቷ ወዲያ እነሱ። ሥራውን ያስገባኝ ግርማ ነው። ይህን አልክድም፤ ልክድ ብል እንኳ እሱ አያስክደኝም ነበር። «ያስገባኋት እኔ ነኝ» ማለት ይወዳል። በልደት ላይ ብሎታል፣ በሠርግ ላይ ብሎታል፣ አንዴ ክርስትና ላይ ቄሱ እየሰሙ ብሎታል።

ረጅም ሰው ነበር፤ ሳቂታ። የሁሉን ልጅ ስም ያውቃል። አዲስ የመጣ ሰው ካለ ለመንጃ ፈቃድ ፈተና በራሱ መኪና ይወስደዋል፣ ሲወድቅም መልሶ ይወስደዋል። ንግግሩን ሁሉ «ሶ» ብሎ ነው የሚጀምረው። በዕድሜ እበልጠዋለሁ፤ ግን «አንቺ» ይለኝ ነበር። አብሮት የሚሠራ ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ «አንቱ» ሲለኝ ግርማ ይስቅበታል።

«ሶ፣ ሰይድ፣ ይሄ እኮ አሜሪካ ነው! አንቱ የሚባል ነገር የለም፤ ዩ ብቻ ነው።»

«ለእሳቸው አለ» ይላል ሰይድ።

አዲስ መሣሪያ ሲመጣ ግርማ አስነስቶ አይሞክረውም። መዳፉ ላይ ያስቀምጠውና ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሥጋ የሚመዝን ይመስል። ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ ይፈርዳል። «ቀላል ነው። ኦኬ ነው።» ከባድ ከሆነ መልሶ ያስቀምጠዋል፤ ስለዚያ መሣሪያ ሌላ ነገር መስማት አይፈልግም። ቀኝ ትከሻው ድሮ በሥራ ተጎድቶበታል። ሸሚዙን ሲለብስ ፊቱን የሚያጨማድደው ለዚያ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ለሌሎች ግን አይናገርም ነበር።

ጠባችን የመጣው በክሪምፐር ነው። ካምፓኒው የሚሠራው ትልልቅ ሕንፃ ስለሆነ ኬብሉ የሕፃን ክንድ ያህላል። ጫፉ ላይ ላግ የሚባል የመዳብ ጫማ ይገባል። ክሪምፐር በዘይት ግፊት ያንን ጫማ ጨፍልቆ ከኬብሉ ጋር አንድ ያደርገዋል። በደንብ ካልጨፈለቀው ውስጡ ክፍተት ይቀራል፤ ክፍተት ካለ መብራት ሲያልፍበት ይግላል፤ ከጋለ ይቃጠላል። ከውጭ ሲያዩት ግን ሁለቱም ያው መዳብ ነው።

ወንዶቹ ዝሆኑ የሚሉት አሮጌ ክሪምፐር ነበረን። ለየላጉ ልክ የብረት ጥርስ ይቀየርለታል። ሙሉ ግፊት ላይ ካልደረሰ የነከሰውን አይለቅም፤ ሲደርስ «ቋ!» ይላል። ሲለቅም የጥርሱን ቁጥር መዳቡ ላይ አትሞ ነው። ክብደቱ ግን እውነትም የዝሆን ነው። ግርማ ዝሆኑን አስቀርቶ ቀላል ክሪምፐር አስገዛ። ያ ጥርስ አይቀየርለትም፤ ለሁሉም ላግ አንድ አፍ ነው ያለው። ምልክትም አይተውም።

መስኮቴ ላይ ይዞት ሲመጣ ገለበጥኩና አየሁት።

«ዘይት የሚይዘው ጎማ ስስ ነው» አልኩት። «ሲያልቅ ማን ይቀይርልናል? ዳላስ ውስጥ የሚጠግነው ሱቅ አለ?»

«ሲበላሽ ሌላ እንገዛለን።»

«ተበላሽቶ ቢቆምማ ጥሩ ነበር። የሚያሰጋኝ የሠራ እየመሰለ ሲቀጥል ነው።»

ግርማ ወደ ወንዶቹ ዞረ፤ ተሰልፈው መሣሪያ ይጠብቃሉ። «ሶ፣ ወይንሸት» አለ ጮክ ብሎ፣ «አንቺ መሣሪያ ስጪ እንጂ መሣሪያ አትምረጪ።» ሳቁ። ሰይድ አልሳቀም። ዝምታ የሰይድ አመሉ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ያ ሐምሌ መጣ። አንድ ቀን ከምሳ በፊት ሰይድ ክሪምፐሩን ከማኪኒ ይዞ መጣ፤ ቼክ አድርጊው ብሎ የላከው ግርማ ነው።

«እትዬ፣ ይቺ ነገር ላብ ላብ ይላታል። እስቲ አንቱ ይዩልኝ።»

አንገቱ ላይ ዘይት ወዝቷል። ጨርቅ ጠቅልዬ ጠረግሁት፤ ተመልሶ ወዛ።

«ዛሬ ምን ሠራችሁበት?»

«ዋናውን ኬብል።»

ያን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። ግርማ ቴክስት አደረገ። «ዋናው ኬብልስ?» ይላል። መብራት ሊለቅበት ቸኩሏል። እኔም «ይጠብቃል» ብዬ ጻፍኩለት። ዝሆኑን ከመደርደሪያ አውርጄ ለሰይድ ሰጠሁትና፣ ዋናውን ኬብል እንደገና ሥሩት አልኩ።

አማርኛ የሚያነብ ሰው የሆነውን እዚህ ላይ ይረዳዋል። «ይጠብቃል» «ብ» ጠብቃ ስትነበብ፣ ይቆያል፣ አትንካው ማለት ነው። «ብ» ላልታ ስትነበብ ግን ጥብቅ ይላል፣ አይነቃነቅም ማለት ነው። እንግዲህ ይህ ቃል ላልቶ ሲነበብ ይጠብቃል። ፊደሉ ላይ ልዩነት የለም። አጭር ባትጽፊ ኖሮ የሚሉኝ አሉ። ዘይት የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ልኮ የጠየቀኝ ሰው ቃሉን በየትኛው መንገድ እንደሚያነበው ማወቅ አያቅተውም።

ሰይድ መንገድ ተዘግቶበት ገና ሳይደርስ ግርማ መብራት ለቀቀ። ላጉ ጋለ፣ የኬብሉ ልባስ ቀለጠ፣ ምድር ቤቱ በጭስ ታፈነ። ሰው አልተጎዳም። ሥራው ግን ቆመ፤ የሕንፃው ሰዎች ለካምፓኒው ባለቤት ደወሉ። ባለቤቱ አሜሪካዊ ነው፤ ነገር ማንዛዛት አይወድም። ቱል ሩም መጣና «ነይ ግቢ» ብሎ በመኪናው ማኪኒ ወሰደኝ።

ስንደርስ ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። «ልቀቁ ያለው ማነው?» ብሎ ጠየቀ ባለቤቱ።

ግርማ ስልኩን አወጣ። «እሷን ጠይቄያለሁ። ይኸው የመለሰችልኝ» አለና በአማርኛ ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያም በእንግሊዝኛ፣ «ጥብቅ ብሏል ማለቷ ነው» ብሎ ተረጎመው።

ሲተረጉመው አላልቶታል። ሲያነበው ግን አጥብቆታል። «ብ» ከከንፈሩ ላይ ረገጥ ብላ ነው የወጣችው። አማርኛው «ቆይ ብላኛለች» አለ፣ እንግሊዝኛው «ጥብቅ ብሏል ብላኛለች» አለ፤ ሁለቱም በአንድ አፍ። ያነበበው ድሮም በገባው መንገድ ነበር፤ አፉ መዋሸት ረሳ። ግርማም ራሱን ሰማ። ፈገግታው ሳይጠፋ ዓይኑ ወደ ሰይድ ሄደ። ሰይድ የገዛ ጫማውን ያያል።

«ቃሉ እንደዚያ ማለት ነው?» አለው ባለቤቱ ሰይድን።

«ሊሆን ይችላል» አለ ሰይድ። «ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።»

ውሸት አልተናገረም። የሥራ ሰዓቱን የሚሰጠው ግርማ ነው፤ ልጆች አሉት። እኔ ግን በማግስቱ ከቱል ሩም ወጣሁ።

የላኩኝ ጓሮ ነው፤ ስክራፕ ወደሚባለው። በቆርቆሮ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ከየሥራው የሚመለሰውን ቁርጥራጭ ኬብል እልጣለሁ፤ መዳቡ ለብቻ፣ ላስቲኩ ለብቻ። የቴክሳስ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለ ግርማ ከምንም በላይ የማልረሳው ያን ጊዜ ያደርግ የነበረውን ነው። ከሰዓት በኋላ በረዶ የተሞላ ውኃ ይዞልኝ ይመጣል። እዚያ የጣለኝ ሰው!

«ሶ፣ ወይንሸት፣ ሙቀቱ እንዴት አረገሽ?»

ውኃውን እጠጣለሁ። አላመሰግነውም። እሱም እንዳመሰገንኩት ሆኖ ይሄዳል።

ስክራፕ ላይ ግን እሱ ያላሰበው ነገር ነበር። ፈርሶ የተሠራ ሥራ ሁሉ የሚመለሰው ወደ እኔ ነው፤ ላጉ ከነኬብሉ። ለመለየት በመጋዝ እቆርጠዋለሁ፤ ስቆርጠው ሆዱ ይታያል። ቁጥር የታተመበትን፣ ዝሆኑ የነከሰውን ስቆርጥ፣ ሽቦዎቹ እንደ ማር እንጀራ ተጠጋግተው መርፌ አያስገቡም። ቁጥር የሌለው ግን መሃሉ ላይ ጥቁር ክፍተት አለው። መጀመሪያ አንዱ ብቻ ነው ብዬ ተውኩት። ሌላ ቆረጥኩ። ሌላ። ደህና የሆኑም ነበሩ፤ መሣሪያው አዲስ ሳለ የተሠሩ ይሆናሉ። የኋለኞቹ ግን ያው ናቸው። እየቆረጥኩ ባዶ የቀለም ባልዲ ውስጥ ማጠራቀም ጀመርኩ። ቱል ሩም ውስጥ ብቀመጥ ኖሮ የአንዱንም ሆድ አላይም ነበር። ያሳየኝ ግርማ ነው።

በዕረፍቴ ቀን ፎርት ወርዝ ነድቼ ሄድኩ፤ እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚጠግን ሱቅ አለ። ባለሱቁን ጥሩው የቱ ነው ብዬ አልጠየቅኩም፤ ያንን ብጠይቀው የሚሸጠውን ያሳየኛል። «ጠግነህ የምትመልሰው የቱን ነው? መጠገን አቅቶህ የምትጥለውስ?» አልኩት። ወደ ጓሮ ወሰደኝ። የሚጣለው ክምር ውስጥ የግርማ ክሪምፐር ወንድሞች ተደርድረዋል፤ ጎማቸው የሚገኝ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ግን አሮጌ አሮጌዎቹ ተፈትተው፣ አዲስ ጎማ ለብሰው ሊመለሱ ይጠብቃሉ። ከነሱ ወገን የሆነ አዲስ ክሪምፐር አሳየኝ። ጥርሱ ይቀየራል፣ ቁጥር ያትማል፣ ጭንቅላቱ ይዞራል፣ ሳይጨርስ አይለቅም። ይከብዳል። «በትከሻ የሚንጠለጠልበት ማሰሪያ አለው?» ብዬ ጠየቅሁት። አለው አለኝ።

ያን ማሰሪያ ለምን እንደጠየቅሁ ለግርማ ነግሬው አላውቅም።

ከዚያ ካምፓኒው ከዳላስ በስተደቡብ ትልቅ የዳታ ሴንተር ሥራ አገኘ። ለዚያ ሥራ አዲስ ክሪምፐሮች ሊገዙ ነው፤ ግርማም የዚያው የቀላሉ ዓይነት አዲስ ሞዴል መርጧል ተባለ። ባልዲዬን አንጠልጥዬ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። የሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩለት። ቁጥር ያላቸውን በዚህ በኩል፣ የሌላቸውን በዚያ በኩል ደረደርኩ። ይህን ለማድረግ ብዙ እንግሊዝኛ አያስፈልግም። አንዱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። ሌላውን አነሳ። የፎርት ወርዙን ክሪምፐርም ነገርኩት።

«ሰኞ ሁለቱንም ግቢ ውስጥ አሳዩኝ» አለ። «አንቺም፣ እሱም።»

ሰኞ ጠዋት ሁለቱን መሣሪያዎች ፒክአፕ ላይ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። የእኔን ከፎርት ወርዙ ሱቅ ተውሼ ነው ያመጣሁት። ግርማ ሲያይ ሮጦ መጣ።

«ምን ማድረግሽ ነው? ያበላሸዋል እኮ!»

«ማኪኒ ምድር ቤት ኤሲ ነበረው እንዴ?» አልኩት።

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ በእኔ ላይ አልነበረም።

ከምሳ በኋላ፣ ብረቱ በጓንት እንጂ በባዶ እጅ የማይያዝ ሆኖ ሳለ፣ ሁሉም ወጥተው ከበው ቆሙ። ግርማ ቀድሞ አነሳ። እንደ ልማዱ መዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው። «ፌዘር!» አለ፤ እንደ ላባ የቀለለ ነው ማለቱ ነው። ላጉን አስገብቶ ተጫነው። ገና ሲነክስ «ጭ» አለና ለቀቀ። የእኔን ማሰሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ የያዘው ሰይድ ነው። መሣሪያው ነከሰ፣ አጉረመረመ፣ ያዘ፣ ያዘ። ግርማ ሰዓቱን ያያል። «ሶ፣ እራት እዚሁ እንዘዝ?» አለ። ሳቁ። ከዚያ «ቋ!» አለ፤ ግቢው ግድግዳ ላይ መትቶ ተመለሰ።

ሰይድ ሁለቱንም ላጎች በመጋዝ ቆረጣቸው። እኔ አልቆረጥኩም፤ እንደሚመቻት አድርጋ ቆረጠችው እንዳይሉ። ባለቤቱ የግርማን ፀሐይ ላይ ያዘው። በመሃሉ ብርሃን ያልፋል። የእኔን ያዘው። ምንም አያልፍም። መዳቡ ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ያን ጊዜ ወደ ግርማ ዞርኩና በአማርኛ ጠየቅሁት።

«ይጠብቃል?»

አላልቼ ነው የጠየቅሁት፤ በጣም አላልቼ። ወንዶቹ ሁሉ ገባቸው። ግርማ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

ባለቤቱ ምን እንዳልኩ ጠየቀ። የመለሰለት ሰይድ ነው። መጋዙን መሬት አስቀመጠና ቀስ ብሎ በእንግሊዝኛ ተናገረ። «ያው የማኪኒው ቃል ነው። ያን ቀን እሱ ሲያነበው ‹ቆይ› ብሎ ነው ያነበበው። ሰምቻለሁ። ሁላችንም ሰምተናል።»

ማንም አላስተባበለም። ባለቤቱ ግርማን አየው።

«ሶ…» አለ ግርማ።

ከ«ሶ» በኋላ ምንም አልመጣም። በዕድሜው ሁሉ ቃል ያጣበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል፤ እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አየሁት። ፀሐዩ ደስ አለኝ። ጀርባዬ፣ ጉልበቴ፣ ያ ሁሉ የቆርቆሮ ሥር ከሰዓት፣ ሁሉም ደስ አለው። ሰይድ በኋላ «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ዘገየሁ» አለኝ። «ዘግይተሃል» አልኩት። ከሱ በላይ አልጨመርኩም።

በማግስቱ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ ካምፓኒ እኔ ገልብጬ ያላየሁት ክሪምፐር አልተገዛም። ግርማ ፎርማንነቱ አልተነካም፤ መሣሪያ መምረጥ ግን ተከለከለ። ጠዋት ከሰልፉ ውስጥ ቆሞ ተራው ሲደርስ፣

«እትዬ ወይንሸት፣ ክሪምፐር ይሰጡኛል?» አለ።

«ይሰጡኛል» አለ! ዩ ብቻ ያለበት አገር ውስጥ።

«ጠብቅ» አልኩት፤ አጥብቄ። ጠበቀ። ክሪምፐሩ ከጀርባዬ መንጠቆ ላይ ነበር።

ያንን ቀላሉን መሣሪያውን አልጣልኩትም። የቱል ሩም በር ከባድ ነው፤ ራሱ እየተዘጋ ያስቸግራል። በሩ ሥር አጋድሜ ማቆሚያ አደረግሁት። ግርማ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ እሱን እየተሻገረ ገብቷል። አንድ ቀን አዲሱን ክሪምፐር በማሰሪያው አንጠልጥሎ ሲመልስ፣ «ትከሻ አይነካም» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። «አውቃለሁ» አልኩት። ከዚያ ሐምሌ ወዲህ ከሥራ ውጭ የተነጋገርነው ይኸው ነው። እኔም ከሱ በኋላ ጡረታ ስወጣ ያንን የበር ማቆሚያ ይዤው ወጣሁ።

ከለቅሶው በኋላ ልጁ ሊያ ደወለችልኝ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ አፏ ላይ ይንሸራተታል።

«አንቲ፣ አርባው ላይ ስለ አባዬ ትናገሪያለሽ? ማለቴ፣ ስለ ቱልስ፣ ስለ ሥራ ምናምን። አንቺ ነሽ ሎንግ ታይም አብረሽ የሠራሽ።»

«አባትሽ ስለ እኔ ምን ይል ነበር?» አልኳት።

አሰበች። «ሲያመው፣ ላይክ፣ ሁልጊዜ ስለ አንቺ ያወራ ነበር። ‹ወይንሸት ትጠብቃለች› ይል ነበር።»

«አጥብቆ ነው አላልቶ?»

«ዋት?»

«‹ብ›ን አጥብቆ ነው ወይስ አላልቶ ያለው?»

«አንቲ፣ አይ ዶንት ኖው። ጀስት… ትጠብቃለች።»

የልጅቱ ምላስ ማጥበቅ አያውቅም፤ ሁሉንም ፊደል እኩል ነው የምታወጣው። አጥብቆት ከሆነ፣ ታደባለች፣ ቀኗን ትጠብቃለች ማለቱ ነው። አላልቶት ከሆነ፣ አትላላም፣ አትነቃነቅም ማለቱ ነው። አንዴ ቃሉን በሁለት ፊት ተጠቀመበት፤ ሁለተኛ ጊዜ በየትኛው እንዳለው ግን ይዞት ሄደ። ቅር አላለኝም። በየትኛውም ብትነበብ እኔው ነኝ።

አርባው ዕለት ሌክ ሃይላንድስ ሄድኩ። ስሜ ሲጠራ ተነሳሁ። ግርማ የሰውን ሁሉ ልጅ ስም የማይረሳ፣ ሥራ የሌለውን ሥራ የሚያስገባ ሰው ነበር፤ እኔንም ያስገባኝ እሱ ነው አልኩ። መሣሪያዎቹን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ አልኩ። ሰይድ ከኋላ ወንበር «እውነት ነው» አለ። ተቀመጥኩ። ምሳዬን በላሁ። ሜስኪት ነዳሁ፣ የጋራዤን የውስጥ በር በግርማ ክሪምፐር አቆምኩና ዕቃዬን አስገባሁ።